ጥላ ለባሕር ኤሊ

ሮቢንስዴል፣ ሚኒሶታ
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለጣህር፤

አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤህ በጀልባው ካፒቴን ስልክ ፎቶ ተነሥታ ደረሰችኝ። ቀኑን በድሮው ትምህርት ቤታችን አቆጣጠር መጻፍህ አሳቀኝ። ምጽዋ አንድ ዴስክ ላይ ያስቀመጡን የአማርኛ አስተማሪያችን ይህን ቢያዩ፣ ጣህር በመጨረሻ አንድ ነገር ያዘ ይሉ ነበር። እኔም ተከትዬሃለሁ። የእጅ ጽሕፈቴን ግን ይቅር በለኝ፤ እዚህ አገር ስፈርም እንጂ ስጽፍ አልኖርኩም። ስለ ጤናዬ ለጠየቅኸው፣ አልሐምዱሊላህ፣ አፌ ደህና ነው፤ ሌላው ይከተላል።

አዎ፣ አስታውሳለሁ። እናቴ በሙቀቱ ወራት ለሕፃናት መኝታ የምትጋርደው ሰሌን ስሙ ሹባክ ነው፤ መስኮት እንደ ማለት። ፀሐዩን ይከለክላል፣ ነፋሱን ያሳልፋል። አንተም ሥሩ ተኝተህ ለሃጭህን ስታዝረበርብ አድገሃልና እንዳልሰማህ አትሁን። እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከልጆቿ አጠገቧ የተቀመጥኩ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌሎቹ መርከብ ሊያዩ ይሮጡ ነበር። እዚያ ያሉት ሴቶች ተራውን ሰሌን እንጂ ሹባክን አለማወቃቸው አይገርመኝም። የላስቲክ ሸራ ከመጣ ወዲህ ማን ይቸገራል?

አንተ የምትጠብቃቸው የኤሊ እንቁላሎች አሸዋው ውስጥ እንዳሉ ተቀቀሉ ያልከኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ሁሉ ጉድጓድ አንዲት የኤሊ ጫጩት ወደ ባሕር ሳትወርድ ቀረች ማለት ነው። የላስቲክ ሸራ ብትጋርድባቸው ሙቀቱን አፍኖ ጭራሽ አባሰው። ሽማግሌዎቹ "ፀሐይ ከሚበላው ልጆቻችን ይብሉት" ቢሉ ምን ይፈረድባቸዋል? ይህችን አንድ ወቅት ለምነህ ማግኘትህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ዘንድሮም ካልተፈለፈለ ዳርቻው ለእንቁላል ለቃሚ ይከፈታል፣ ኤሊም ከደሴታችሁ ከኡም ነሲም ትጠፋለች። ገብቶኛል። ስለዚህ ሐዘኑን ትተን እንሥራ።

ዘንባባ እዚህ የለም። ነገር ግን ፎቅ ላይ የምትኖረው ጎረቤቴ ለተኪሮስ፣ የከረን ሰው ናት፣ ልጇ ኣብኤል ኤደን ፕሬሪ መጋዘን ይሠራል። ሣጥን የሚታሰርበት ጥቁር የፕላስቲክ ጥብጣብ አለ፤ ወርዱ የዘንባባ ቅጠል ያህላል። አምጣልኝ ስለው "እማማ ኣስማ፣ ይሄ እኮ ትራሽ ነው፣ ምን ሊያደርጉት ነው?" አለኝ። የኤሊ ቤት እሠራበታለሁ አልኩት። አሁን ሳሎኔ በጥብጣብ ተሞልቷል። ናሙናውን ወደ አስመራ በሚሄድ ሰው እልካለሁ፤ ሴቶቹ እያዩ ይሥሩ።

እኅትህ ኣስማ

*

ኡም ነሲም፣ ዳህላክ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው ለኣስማ፤

ወዓለይኩም ሰላም። አስተማሪያችን "ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል፣ በሰላምታ ያልቃል፤ መካከሉ የራሳችሁ ጣጣ ነው" ይሉን አልነበር? እነሆ ሰላምታው። ሚስቴ፣ ልጆቼ፣ ጀልባዬ፣ ሁሉም ደህና ናቸው።

ናሙናው ደርሷል። ሴቶቹ ጥቁር የፕላስቲክ ሰሌን ሲያዩ መጀመሪያ ሳቁብኝ። በኋላ አንዷ አንሥታ ከራሷ በላይ ያዘችውና ሳቁ ቆመ፤ ፊቷ በጥላ ውስጥ ሆኖ የሻሿ ጫፍ በነፋስ ይንቀሳቀስ ነበር። ከማዶ በጀልባ ዘንባባ አስመጣሁ። ቅጠሉን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ሲለሰልስ እየሰነጠቁ ጀምረዋል። የጀልባ ሠሪው ልጅ ዘህራ ከሁሉም ትቀድማለች። ደብዳቤሽን እያነበብኩ ወደ ቋንቋችን እመልስላቸዋለሁ፤ "ለሃጭ" ያልሽውን ግን ዘልዬዋለሁ።

ከናሙናው ጋር በላክሽው ብጣሽ ወረቀት ስለ ሽማግሌዎቹ አለቃ ስለ ሼኽ ዓሊኑር ለጠየቅሽኝ፣ ክፉ ሰው አይደለም። በወጣትነቱ ኤሊ እያጠመዱ የሚያርዱ ሰዎችን በዱላ ያባረረ እሱ ነው። ዳርቻው ላይ እንቁላል እንዳይነካ ስንወስንም መጀመሪያ እጁን ያነሣው እሱ ነበር። አሁን ግን ሰለቸው። ከሰላት በኋላ መስጊድ ደጃፍ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አለኝ፦ "ጣህር፣ አሸዋው ድስት ሆኗል። ድስት ውስጥ ያለ ነገር ጠብቅ ካልከኝ እጠብቃለሁ፤ የምጠብቀው ግን እስኪበስል ነው።" ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ?

ካልሆነልህ ምን ታደርጋለህ ላልሽኝ፣ ወዴት እሄዳለሁ? ጢሜ የሸበተው እዚያ ዳርቻ ላይ ነው። ባሕሩ እንደ ድሮው አይደለም፤ ልጅ ሆነን የምንጠልቅበት ዛጎል የሞላበት ቦታ ነጥቶ ሞቷል፤ ዓሣውም ወደ ጥልቁ ሸሽቷል። የቀረን ኤሊዋ ናት። እፈራለሁ ኣስማ፤ ለሌላ ሰው አልናገረውም።

ጉድጓዶቹ ላይ አጫጭር ቋሚዎች ተክያለሁ። ሰሌኑ እንደ አልጋ ልብስ ይወጠርባቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጥር የተጣሉ ስለሆኑ መጀመሪያ የምናየው እነሱን ነው።

በሰላም ቆዪልኝ፤ ጣህር

*

ሮቢንስዴል
መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጣህር፤

ረመዳን ሙባረክ። እዚህ ባለፈው እሑድ ሰዓት ቀየሩብንና ማፍጠሪያው አንድ ሰዓት ሸሸብን። ለተኪሮስም ሁዳዴ ላይ ስለሆነች ሁለታችንም ተርበን ደረጃ ላይ ስንገናኝ መነጫነጭ ሆኗል ሥራችን።

በካፒቴኑ ስልክ የአገሩ በረዶ እንዴት ነው ያልከኝን ለቀልድ እንደጠየቅህ ገብቶኛል፤ መልሱ ግን ቀልድ አይደለም። የሰፈራችን ሐይቅ ዘንድሮ ቶሎ ሳሳ። በረዶውን በስተው ዓሣ የሚያጠምዱት የአገሩ ሽማግሌዎች ድንኳናቸውን ከወትሮው በፊት ነቀሉ። አንዱ ለኣብኤል፣ በረዶው የሚሳሳበት ብሎ አባቱ ያስተማረው ቀን አሁን እንደማይሠራ ነግሮታል። ይህን ለዓሊኑር ንገረው፤ ድስቱ ላይ ያለነው እኛ ብቻ አይደለንም።

እዚህ ማን ያግዝሻል ላልከው፣ ከማገዝ ይልቅ የሚያደናቅፉኝ በዝተዋል። ፋና የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ አለች፤ ለተኪሮስን ቤተ ክርስቲያን በመኪናዋ የምታመላልሳት። ሚኒያፖሊስ አንድ የሥነ ጥበብ ማዕከል ትሠራለች። ሁለተኛውን የሠራሁትን ሰሌን ሶፋዬ ላይ አየችና ጫማዋን ማውለቅ ረስታ ቆመች። "እትዬ ኣስማ፣ ይሄ ኤግዚቢሽን መግባት አለበት። ዎል ላይ ሀንግ እናደርገዋለን" አለችኝ። ሰሌን ወይ ይነጠፋል ወይ ይጋረዳል፣ ግድግዳ ምን አጥቶ ይለብሳል አልኳት። ተከራክረን ተከራክረን፣ ከጣሪያው ሥር አግድም እንዲወጠርና ሰዉ ሥሩ እንዲቆም ተስማማን። ለእናንተ መጠባበቂያ የጀመርኳቸው ሌሎቹም ሰሌኖች እስኪያልቁ ግን እጄን ማሳረፍ የለም።

ልጄ ሰዕድያ ደግሞ ከፕሊማውዝ ከሥራዋ ስትመለስ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ስሠራ አገኘችኝ። "ማሚ፣ አፖይንትመንቱን ካንሰል አደረግሽው? ሲሪየስሊ?" ብላ ከዚያ በኋላ ያለውን በእንግሊዝኛ ጨረሰችው። የምን ቀጠሮ እንደሆነ አትጠይቀኝ። ትንሽ ነገር ነው።

አሁን የኔን ጥያቄ መልስ። እጅህን ከሰሌኑ ሥር አግብተህ አሸዋውን ዳብሰው። ቀዝቅዟል?

ኣስማ

*

ኡም ነሲም
መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኣስማ፤

ዒድ ሙባረክ፤ ለሰዕድያም፣ ለእነ ለተኪሮስም፣ ለሁሉም። እኛ ዒዱን በደህና ዋልን። ፍየሎቹ ወለዱ፤ አንዷ መንታ። ግራጫዋ ፍየል ግን ልጇን አላጠባም ብላ አስቸግራለች፤ ሚስቴ በጠርሙስ ታጠባለች። ፍየል እንዲህ ስትሆን አይቼ አላውቅም። ምናልባት ግጦሹ ነው።

ነፋሱ ከሰሜን ነው። ጀልባዋን ቀለም ቀባኋት። ዓሊኑር ሰላም ብሎሻል።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም። ሰሌኑ ያምራል። ሴቶቹም ተግተዋል። ሌላውን ስንገናኝ እናወራዋለን።

ጣህር

*

ሮቢንስዴል
መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጣህር፤

አባትህ፣ አጎቴ፣ በሞተ ጊዜም የጻፍክልኝ ስለ ፍየል ነበር። ገጽ ሙሉ ፍየል፤ ከዚያ ከምጽዋ ሌላ ሰው ደውሎ አረዳኝ።

አሁንም ፍየል። ሰሌኑ ያምራል ወይ ብዬ አልጠየቅሁህም፤ ያቀዘቅዛል ወይ ነው ያልኩት። ስንገናኝ ትለኛለህ፤ እኔ ከሚኒሶታ አንተ ከደሴት የት ነው የምንገናኘው? እንዳላዝን ብለህ ከሆነ አዝኛለሁ፣ ጨርሼ አዝኛለሁ፤ ከዚህ በኋላ የምትነግረኝ አይጨምርብኝም።

ጻፍ።

ኣስማ

*

ኡም ነሲም
ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኣስማ፤

እሺ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

የጥሮቹ ሁለት ጉድጓዶች ጊዜያቸው አለፈ። በሽማግሌዎቹ ፊት ከፈትናቸው። እንቁላሎቹ እንዳለፉት ዓመታት ነበሩ። እንዴት እንደነበሩ አልጽፍልሽም።

ያልገባኝ ነገር አለ። ሰሌኖቹ አዲስ ሲወጠሩ ጥላቸው ድፍን ነበር፤ እጄን ከሥር አግብቼ ቅዝቃዜውን በመዳፌ አውቄዋለሁ። ያን ቀን ብጽፍልሽ ኖሮ ደስ የሚል ደብዳቤ ይሆን ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን አሸዋው ላይ የብርሃን ነጥብ ወደቀ፤ ከዚያ በዛ። ሴቶቹ ካንቺ ናሙና ዝንፍ አላሉም፤ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው የተከተሉት። ጥፋቱ እኔ ቋሚ ስተክል ሰሌኑን ከልክ በላይ ወጥሬው ይመስለኛል።

ዓሊኑር ይበቃል አለ። ከዚያ በፊት በሰው ፊት ለምኜ አላውቅም፤ ያን ቀን ለመንኩ። በኋላ የተጣሉት ጉድጓዶች ጊዜያቸው እስኪደርስ፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ፣ ታገሡኝ አልኩ። ዓሊኑርም "እስከዚያ" ብሎ ሄደ። እንቁላል ለቃሚዎቹ ከአሁኑ ቅርጫት እያዘጋጁ ነው፤ አልቀየማቸውም።

አንቺ ከዚህ በላይ አትድከሚ። የተቻለሽን አድርገሻል። የእናትሽን ሰሌን ከረጅም ጊዜ በኋላ ማየቴ ራሱ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጣህር

*

ሮቢንስዴል
ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጣህር፤ ይህን ደብዳቤ እያነበብክ ወደ ሴቶቹ ሂድ። ሰላምታው መንገድ ላይ ይድረስህ።

ከትናንት ወዲያ የእነ ለተኪሮስ ሆሳዕና ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ዘንባባ በግንባሯ አስራ ወደኔ ገባች። ደብዳቤህን ይዤ ተቀምጬ ነበርና ፊቴን አይታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዘንባባዋ ሰንጥቃ ቀለበት ጎነጎነችና፣ በሆሳዕና ልማዳቸው ነው፣ ጣቴ ላይ አጠለቀችልኝ። "ቀለበት እስላም ክርስቲያን አይልም፣ አድርጊው" አለችኝ። ጠብቆ አልወጣ ብሎኝ ከነቀለበቱ ተኛሁ።

ዛሬ ለሱብሒ ሰላት ስነሣ ቀለበቱ ጣቴ ላይ ዞረ። ወደ መብራት አስጠግቼ አየሁት፤ እሑድ ድፍን የነበረው ጉንጉን መካከሉ ተከፍቶ ብርሃን ያሳያል። ጣቴ አልቀጠነም፤ እንዲያውም እንዳበጠ ነው። የቀጠነው ዘንባባው ነው። እዚህ ቤት በማሞቂያ አየሩ ስለሚደርቅ ቅጠሉ በሁለት ቀን ወርዱን አጣ።

የዚያን ጊዜ እናቴ ከነእጇ መጣችብኝ። ሹባክን ሠርታ ጠርዙን አትዘጋም ነበር። ሳይቋጠር ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ሲደርቅ ቅጠሉ ይቀጥናል፣ ሰሌኑም ይሳሳል፤ ያኔ በግመል አጥንት የቅጠሉን ክር ወደ ክር እየገፋች ታጠጋጋዋለች፣ በተረፈው ቦታ አዲስ ቅጠል ትጨምራለች፣ ጠርዙን መጨረሻ ላይ ትቋጥራለች። ፕላስቲክ ግን አይደርቅም፣ አይቀጥንም። ስለዚህ እጄ ያንን ሥራ ዘለለው፤ እኔም ጠርዙን ቋጥሬ ያለቀ አስመስዬ ላክሁላችሁ። እናንተም እርጥቡን ዘንባባ በኔ ፕላስቲክ ልክ ሠራችሁት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ቋሚህን ተወው፤ ቋሚህ ምንም አላደረገም። ሰሌኖቹን በሙሉ አውርዱ። ጠርዛቸውን ፍቱ። ደርቀዋልና አሁኑኑ ክሩን አጠጋጉ፤ አጥንት ከሌለ የእንጨት ማንኪያ እጀታ ይሆናል። በአጠረው ላይ የደረቀ ቅጠል ጨምሩ፣ እርጥብ እንዳትጨምሩ። ስትጨርሱ ከሥሩ ተኝታችሁ ወደ ላይ እዩ፤ ሰማይ ሳይሆን ነፋስ ብቻ ከመጣባችሁ ሆኗል።

ለካፒቴኑ ደውዬ ፎቶው እንደደረሰው ያለ ጭነትም ቢሆን ወደ ደሴቱ እንዲነሣ ለምኜዋለሁ። እንደ ልጅ ነው የለመንኩት። የመጨረሻዎቹን ጉድጓዶች እንዳናጣ፣ በአላህ ጣህር።

ኣስማ

*

ኡም ነሲም
ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኣስማ፤

ተፈለፈሉ።

አስተማሪያችን ይቅር ይበሉኝ፣ ሰላምታውን ወደ ኋላ አደረግሁት። አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ፤ ተፈለፈሉ። ከአንዱ ጉድጓድ ብቻ አይደለም፤ ከቀሩት ከሁሉም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉን የዶሮ ይመስለን ነበር።

ሰሌኖቹን እንዳልሽው አጠጋግተን መልሰን ወጥረናቸው ነበር። ጀምበር ስታዘቀዝቅ አሸዋው መሃሉ ሰመጥ አለ፤ እኔ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሰው ጠርቼ ስመለስ ዳርቻው ጥቁር በጥቁር ሆኖ ወደ ውሃው ይጎርፍ ነበር። ዓሊኑር መጣ። ሸርጣኖቹ ጫጩቶቹን ሊነጥቁ ከየጉድጓዳቸው ሲወጡ በዚያ በድሮው ዱላው እየተራወጠ አባረራቸው፤ በሰባ ዓመት ዕድሜው፣ ሽርጡን ሰብስቦ። ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት ለቃሚዎቹ ቅርጫታቸውን ጥለው አብረው ያባርሩ ጀመር። እኔ አሸዋው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ አድጎ እንደሚመለስ አላህ ያውቃል፤ ግን ሄዱ።

በማግስቱ ጉባኤ ሆነ። ዓሊኑር ሴቶቹም ይቀመጡ አለ። በዚህ ደሴት በዳርቻ ጉዳይ ሴት ተቀምጣ አታውቅም፤ ይህን አንቺ ታውቂያለሽ። ውሳኔው ይህ ነው፦ ሹባክ እስከተሠራ ድረስ ዳርቻው ዝግ ነው፤ የየዓመቱን ጊዜ የሚቆርጡት ሠሪዎቹ ናቸው። "ድስቱን የከደነው ነው ድስቱን የሚያዝዘው" አለ ዓሊኑር፤ ሰው ሳቀ፣ እሱ ግን አልሳቀም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ዘህራ ቀድማ ታውቅ ነበር። ደብዳቤሽን ባነበብኩላቸው ቀን አንገቷን ደፋች። ዘንባባው ሲደርቅ ወርዱ እንደሚቀንስ፣ በናሙናው ልክ ከተሠራ እንደሚከፈት፣ ከመጀመሪያው ቀን ገብቷት ነበር። ለምን ዝም አልሽ ብላት "ታላቅ ሴት በሠራችው ላይ እጅ አይጨመርም" አለችኝ። ሌሎቹም ሴቶች ልክ ነች አሉ። አልተቆጣሁም፤ እኔም ብሆን ዝም እል ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላ አስባለች። የማታ ፀሐይ ከጎን ስለምትገባ በምዕራቡ በኩል ጠርዙን አስረዝማ ወደ መሬት ልታወርደው ትፈልጋለች። አንቺ ሳትፈቅጂ ግን አንድ ቅጠል አልነካም ብላለች። ፈቃድሽን ጻፊላት።

የእጅሽንም ነገር ሰምቻለሁ። ሰዕድያ ለካፒቴኑ በስልክ ጽፋለት ነበር፤ ኦፕራሲዮኑን ለሰሌን ብለሽ ሁለት ጊዜ እንዳራዘምሽ፣ ማታ ማታ ጣቶችሽ እንደሚደነዝዙ። እኔን ስለ ፍየል ሰደብሽኝ፤ አንቺ ፍየል እንኳ አልጻፍሽልኝም።

የደሴቱ ሰው ሁሉ ሰላም ብሎሻል፤ ጣህር

*

ሮቢንስዴል
ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጣህር ወንድሜ፤

ይህን በእጇ የምትጽፈው ለተኪሮስ ነች፤ የምናገረው እኔ ኣስማ ነኝ። ጽሕፈቱ ካማረ የኔ እንዳይመስልህ። ለተኪሮስ ደግሞ በበኩሏ "እንኳን ደስ ያለህ፣ የቀለበቱ ባለቤት እኔ ነኝ" ብለሽ ጻፊ አለችኝ፤ ማለቴ ራሷ ጻፈች።

ኦፕራሲዮኑ ባለፈው ሳምንት ተደረገልኝ። እጄ ተጠቅልሏል፣ ሐኪሙ ደህና ሆኗል ብሏል፣ ሰዕድያ ሩዝ በማንኪያ ታጎርሰኛለች። ስለደበቅሁህ አፉ በለኝ። ብነግርህ ተዪው ትለኝ ነበር፣ እኔም አልተወውም፤ ሁለታችንም በከንቱ እንደክም ነበር።

ያንተ ደብዳቤ የደረሰችኝ ኤግዚቢሽኑ በተከፈተ ዕለት ነው። ፋና ቃሏን ጠብቃ ሰሌኑን ከጣሪያው ሥር ወጥራዋለች፤ ከላይ መብራት፣ ከጎን ማራገቢያ። ሰዉ እየገባ ሥሩ ይቆማል፤ አንዳንዱ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ወደ ላይ ያያል። የሠሪዋ ስም ተብሎ የተለጠፈው የእናቴ ነው፤ እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ንግግር አድርጊ አሉኝ። እኔ ምን ንግግር አውቃለሁ? ስልኬን አወጣሁና ያንተን ደብዳቤ አነበብኩላቸው፤ ፋና ወደ እንግሊዝኛ መለሰችላቸው። መጀመሪያዋ ቃል ላይ ለተኪሮስ እልል አለች። ቤቱ ፀጥተኛ ቤት ነውና ዘበኛው ሮጦ መጣ፣ "ኢዝ ኤቭሪቲንግ ኦኬይ?" አለ። ኣብኤል "ደ ተርትልስ ሀችድ፣ ማን" አለው፤ ኤሊዎቹ ተፈለፈሉ ማለቱ ነው። ዘበኛው የቱ ኤሊ፣ የት አገር ብሎ አልጠየቀም፤ አጨበጨበ። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ አጨበጨበ። ሰዕድያ አቅፋኝ አለቀሰች፤ ከሕፃንነቷ ወዲህ እንዲህ ስታቅፈኝ አላስታውስም። ወንበር አመጡልኝ።

እናቴ ይህን ብታይ ምን ትል እንደነበር እያሰብኩ ነው። ሳታሰጡት ጠርዙን ቋጠራችሁት ብላ መጀመሪያ ትቆጣ ነበር።

አሁን ወደ ዘህራ። ይህን ቃል በቃል አንብብላት፣ እንደ ልማድህ አትዝለል።

ዘህራ ልጄ፣ ፈቃድ ጠይቀሽኛል። አልሰጥም። ፈቃድ የምሰጥ ከሆነ መከልከልም እችላለሁ ማለት ነው፤ መከልከል የምችል ከሆነ ደግሞ አንቺ እንደገና ዝም ትያለሽ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእናንተ ዝምታ ግን ሁለት ጉድጓድ አነቀዘ። እኔ ከባሕርሽ ርቄ በፕላስቲክ የምሠራ አሮጊት ነኝ። ዘንባባው ያንቺ፣ ፀሐዩ ያንቺ፣ ኤሊዋም የምትመጣው ወደ አንቺ ዳርቻ ነው። ሹባክ ከእናቴ በፊትም ሌላ ሴት ቀይራው ይሆናል፤ ለዚያች ማን ፈቀደላት?

ስለዚህ ጥያቄው ከኔ ወደ አንቺ ነው። ጠርዙን ወደ ታች ስታወርጂው መጋጠሚያው እንዳይከፈት በምን ነው የምትይዢው? እኔ ሦስት ቀን አስቤ አልመጣልኝም። ለጣህር ንገሪው፣ እሱ ይጻፍልኝ። ጥብጣቡ ኣብኤል ጋ አለ፤ እጄ እንደተፈታ የምጀምረው አንቺ ባልሽው ነው።

ኣስማ፣ በለተኪሮስ እጅ